ዛፉ ሳይወድቅ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ መንገደኛ በስተግራው የጮቄን ተራራ፣ በስተቀኙ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀውን አገር እያየ ያልፋል። መሬቱ በአብዛኛው የታረሰ ነው። ጤፍና ስንዴ ከተዘራበት ማሳ መካከል አልፎ አልፎ አንድ ትልቅ ዛፍ ብቻውን ቆሞ ይታያል። መንገደኛው ዛፉን አይቶ፣ «ጥሩ ጥላ አለው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የአገሩ ሽማግሌ ግን ቆም ይልና፣ «በጠላት ጊዜ አርበኞች የሚሰበሰቡት እዚህ ሥር ነበር» ይላል። ዛፉ ለመንገደኛው ጥላ ነው፤ ለሽማግሌው ግን መጽሐፍ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መጽሐፍ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ሊያነቡት የሚችሉት የአካባቢው ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ይወድቃል። በሚከተለው ጽሑፍ ዛፍ የጦርነት ዘመን ትዝታን እንዴት እንደሚሸከም፣ ለምን እንደሚጠፋና ከመጥፋቱ በፊት ምን ሊደረግ እንደሚገባ እንመለከታለን።

ዛፍ እንዴት ምስክር ይሆናል?

በአገራችን ገጠር ትልቅ ዛፍ ከጥንት ጀምሮ የሕዝብ አዳራሽ ሆኖ ኖሯል። ሸንጎ የሚቀመጠው፣ ዳኛ ክርክር የሚሰማው፣ የተጣሉ ሰዎች የሚታረቁት ብዙ ጊዜ በዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ዋርካና ሾላ ቅርንጫፎቻቸውን ወደ ጎን በሰፊው ስለሚዘረጉና ብዙ ሰው ስለሚያስጠልሉ ለዚህ ተግባር በተለይ ይመረጡ ነበር። ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተጠብቀው ለረጅም ዘመን ኖረዋል።

ከዚህም በቀር ዛፍ የቦታ መለያ ነው። በጎጃም የኮሶ በር፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የሾላ ገበያ ስያሜ ይህን ያስረዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ዛፉ ቢቆረጥ እንኳ ስሙ ይቀራል። ስሙም በበኩሉ፣ «እዚህ ምን ነበር?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

ጦርነት ሲመጣ ሰው አዲስ መሰብሰቢያ ለመሥራት ጊዜ የለውም፤ በለመደው ይገለገላል። ስለዚህ በሰላም ጊዜ የዕርቅና የሸንጎ ቦታ የነበረው ዛፍ በጦርነት ጊዜ የምክርና የመሐላ ቦታ ይሆናል። ቁስለኛ ያርፍበታል፤ መልእክተኛ ይቀጣጠርበታል። ጠላትም በበኩሉ ሕዝቡን ለማስፈራራት ሲል የያዛቸውን ሰዎች ሁሉም በሚያየው ቦታ ይሰቅላል። በዚህ ምክንያት አንዱ ዛፍ የጀግንነት፣ ሌላው የሐዘን መታሰቢያ ሆኖ ይቀራል። ዛፉ ራሱ አይናገርም። የሚናገረው ሰው ነው፤ ዛፉ የሚያደርገው ሰው የሚናገርበትን ቦታ መጠበቅ ነው።

ቢቸናና ሞጣ በወረራው ዘመን

ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን መውረር የጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጦሩ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በጎጃም ወራሪው ደብረ ማርቆስን፣ ቢቸናንና ሞጣን በመሳሰሉ ከተሞች ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። ነገር ግን ከምሽጉ ውጪ ያለው አገር በቀላሉ አልተገዛለትም። በተለይ ከ1930 ዓ.ም. ወዲህ ተቃውሞው በጎጃም በሰፊው ተስፋፋ። በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬና ኃይሉ በለው በየበኩላቸው ጦር እየመሩ ጠላትን ተዋጉ።

ከእነዚህ መካከል «አባ ኮስትር» እየተባሉ የሚታወቁት በላይ ዘለቀ ዋና መከታቸው የቢቸና አካባቢና የዓባይ በረሃ ነበር። ደብረ ማርቆስ በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. ከጠላት እጅ ወጣች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ከነጻነት በኋላ በላይ ዘለቀ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የቢቸና ገዥ ሆኑ። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው ተከሰሱና በጥር ወር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ዛሬ ስማቸው በመንገድና በትምህርት ቤት ይጠራል።

የመሪዎቹ ስም በዚህ ዓይነት በመጽሐፍም በሐውልትም ተመዝግቧል። በየቀበሌው ስንቅ ያቀበለው፣ ቁስለኛ የደበቀው፣ መልእክት ያደረሰው ተራ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አልተጻፈም። አርበኛው ሰፈሩን ከድንጋይ አልሠራም። ከምሽግ ይልቅ ገደልን፣ ዋሻንና ጫካን መረጠ፤ ጠላት አውሮፕላን ስለነበረውም የዛፍ ጥላ ከፀሐይ መጠለያ ብቻ ሳይሆን ከዓይን መሰወሪያም ነበር። ስለዚህ የዚህ ጦርነት ትዝታ በገጠሩ የቀረው በጽሑፍ ሳይሆን በቦታ ነው፤ ይኸውም በመሻገሪያው፣ በዋሻው፣ በገደሉና በዛፉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ እንሥራ። በ1933 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ጦርነቱን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ጥቂት ብቻ ቀርተዋል ማለት ነው። አያቶቹ ያለፉበት የልጅ ልጅ ታሪኩን የሚያስታውሰው በአብዛኛው ዛፉን በማየት ነው። ሰውየውም ዛፉም በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ ከጠፉ ታሪኩን የሚያስታውስ ነገር አይቀርም።

ድንጋይና ዛፍ

የትዝታ ተሸካሚዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ልዩነቱን ለመረዳት ሁለት ምሳሌዎችን እንውሰድ።

የመጀመሪያው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነው። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ ወር 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች በጥይት ተደብድበው የተገደሉ አባት ናቸው። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለከተማ ባቡር ሥራ ሲባል ከቦታው ተነሣ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። ሐውልቱ ሲነሣ ብዙ ሰው አዝኖ ነበር። ሆኖም ሐውልት ሊፈታ፣ ሊቀመጥና ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሞጣ በስተሰሜን በዓባይ ወንዝ ላይ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ነው። ይህ የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት የተሠራና ጎጃምን ከቤጌምድር ጋር ያገናኝ የነበረ ነው። በወረራው ዘመን አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት አንዱን ቅስት አፈረሱት። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሰው ለብዙ ዓመታት ከወዲያና ከወዲህ በሚጎተት ገመድ እየተንጠለጠለ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ ጥገናውን ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። በኋላም ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የድሮው ድልድይ ግን ስሙ እንደ ሰባራ ቀረ። «ለምን ሰባራ ተባለ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ሁሉ ስለ አርበኞቹ ይሰማል። ስብራቱ ራሱ ታሪክ ሆኗል።

በአንጻሩ የዛፍ ነገር ከሁለቱም ይለያል። ዛፍ ከወደቀ እንደ ሐውልት ተመልሶ አይቆምም፤ እንደ ድልድዩም ስብራቱን ይዞ ለመቶ ዓመት አይታይም። ግንዱ ይፈለጣል፤ ቅርንጫፉ ማገዶ ወይም ከሰል ይሆናል፤ ጉቶው ይበሰብሳል። ሁለት ወይም ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ ቦታው ታርሶ ይዘራበታል። ያን ጊዜ ሽማግሌው፣ «እዚህ ነበር» ቢል ልጁ የሚያየው ማሳ ብቻ ነው።

ዛፍ ለምን ይወድቃል?

ብዙ ሰው ያረጀ ዛፍ የሚወድቀው ዕድሜው ስላለቀ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከዚህ የሰፋ ነው።

የዛፍ ሕይወት ያለው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ክፍል ነው። በመካከል ያለው እንጨት ዛፉን ደግፎ ይይዛል እንጂ አያድግም። ስለዚህ ውስጡ የተቦረቦረ ዛፍ ለብዙ ዓመታት ለምልሞ ሊኖር ይችላል። ሆኖም የድጋፉ ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ክረምት ሲገባና አፈሩ ሲርስ ከባድ ነፋስ ሊጥለው ይችላል። በአንድ ሌሊት የወደቀ የሚመስለን ዛፍ መድከም የጀመረው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው።

ከሰው የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። አብዛኞቹ ሥሮች ከመሬት በታች ብዙም ሳይርቁ ከጥላው ስፋት አልፈው ይዘረጋሉ። ሰውና ከብት ዘወትር ሲረግጠው አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ውኃና አየር ወደ ሥሩ አይደርሱም። ለመንገድ፣ ለቤት መሠረት ወይም ለቦይ ሲቆፈር ሥሮቹ ይቆረጣሉ። ከግንዱ ሥር እሳት ሲነድድና ቅርፊቱ ለመድኃኒት ሲላጥ ሕይወት ያለው ክፍል ይጎዳል። ዛፉ ግን ጉዳቱን ወዲያውኑ አያሳይም፤ የጎዳውና የወደቀበት ዘመን ስለሚራራቅም ጥፋተኛው አይታወቅም።

በመጨረሻም የአመለካከት ጉዳይ አለ። አንዱ ዛፍ ለገበሬው እህል የሚጋርድ ጥላ፣ ለመንገድ ሠሪው መሰናክል፣ ለእንጨት ነጋዴው ጣውላ ነው። ታሪኩን የሚያውቀው ሰው በውሳኔው ቦታ ከሌለ ዛፉ የሚለካው በሜትር ኩብ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ታሪካዊ ዛፍ የሚጠፋው ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ ነው።

ከሌላው ዓለም የምንማረው

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ በሴራሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን «የጥጥ ዛፍ» የሚባል ግዙፍ ዛፍ ነበር። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ከባርነት ለመውጣት ሲሉ ከእንግሊዝ ጎን የቆሙ ጥቁሮች በመጀመሪያ ወደ ካናዳ ተወሰዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1784 ዓ.ም. ወደ ፍሪታውን መጡ። እንደሚነገረው በዚያ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ለነጻነታቸው ጸሎት አደረሱ። ዛፉ ግንቦት 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በጣለው ከባድ ዝናብና ነፋስ ወደቀ። የአገሩ ሕዝብ እጅግ አዘነ። ሆኖም ታሪኩ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ምስሉም በገንዘብ ኖቶች ላይ ታትሞ ስለነበር ትዝታው ከዛፉ ጋር አልወደቀም።

ሌላው ምሳሌ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሆነ ነው። በቱርክ አገር በጋሊፖሊ አንድ ጉብታ ላይ የነበሩትን ጥዶች የቱርክ ወታደሮች ለምሽግ ክዳን ቆርጠዋቸው አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1907 ዓ.ም. ክረምት በተደረገው ብርቱ ውጊያ እርሱም ጠፋ። በዚያ ውጊያ ወንድሙ የሞተበት አንድ የአውስትራሊያ ወታደር ከምሽጉ ክዳን ላይ የጥዱን ፍሬ አንሥቶ ወደ እናቱ ላከ። እናቱም ለብዙ ዓመታት አስቀምጣ በኋላ ዘሩን ዘራችው። ከበቀሉት ችግኞች አንዱ በ1927 ዓ.ም. በዋና ከተማው በካንቤራ፣ በጦርነት መታሰቢያው ቅጥር ውስጥ ተተከለ። የመጀመሪያው ዛፍ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጁ ግን የብዙዎች መታሰቢያ ለመሆን በቅቷል።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንረዳው ዛፍን ለዘለዓለም ማቆየት ባይቻልም ትዝታውን ማሻገር እንደሚቻል ነው። አንዱ የተሻገረው በጽሑፍና በምስል፣ ሌላው በዘር ነው። ሁለቱም የተቻሉት ግን በጊዜ የተነሣ ሰው ስለነበረ ነው።

ምን ይደረግ?

በአንደኛ ደረጃ፣ ታሪኩን መጻፍ ያስፈልጋል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ለመጻፍ ወደ ሽማግሌ የሚሄድ ተማሪ አስቀድሞ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የመጣበትን ጉዳይ አስረድቶ፣ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ከዚያም ታሪኩን እስኪጨርሱ በትዕግሥት አዳምጦ፣ «አባባ፣ ይህን በዓይንዎ አዩት ወይስ ከሰው ሰሙት? ከሰውስ ከሆነ ከማን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የታየና የተሰማ ነገር በጽሑፍ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ነገር ከተናገሩ ሁለቱንም መጻፍ እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይገባም። ዛፍ አይዋሽም፤ ሰው ግን ስለ ዛፍ ሊሳሳት ይችላል።

በተለይ በዕድሜው ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በቀዝቃዛ አገሮች የዛፍ ዕድሜ በግንዱ ውስጥ ባሉት ዓመታዊ ቀለበቶች ይቆጠራል። በሞቃት አገሮች ግን ብዙ ዛፎች በየዓመቱ ግልጽ ቀለበት አይሠሩም። ስለዚህ «ይህ ዛፍ አምስት መቶ ዓመቱ ነው» ከማለት፣ «በወረራው ዘመን ትልቅ ዛፍ እንደነበረ ይነገራል» ማለት ይሻላል። የተጋነነ ቃል እውነተኛውን ታሪክ ጭምር ያስጠረጥራል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ቦታውን መለየት ያስፈልጋል። ዛፉ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ወንዝ ወይም መንገድ በስንት እርምጃና በየት አቅጣጫ እንደሚገኝ መመዝገብ፣ ሥዕሉን መሳል ወይም ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባል። ዛፉ ነገ ቢወድቅ ቦታው እንዳይጠፋ የሚያደርገው ይህ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የቆመውን መንከባከብ ያስፈልጋል። ሥሩን አለመቆፈር፣ ከሥሩ እሳት አለማንደድ፣ ቅርፊቱን አለመላጥ ገንዘብ አይጠይቅም።

በአራተኛ ደረጃ፣ ተተኪ መትከል ያስፈልጋል። ዋርካና ሾላ ከቅርንጫፍ ቁራጭ ሊበቅሉ ይችላሉ፤ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ከዘር ሊፈሉ ይችላሉ። ከዚያው ዛፍ የተገኘ ችግኝ በአጠገቡ ቢተከል፣ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ ወጣቱ ቆሞ ይገኛል። ችግኙን የተከሉት ተማሪዎች ታሪኩን ካወቁ ደግሞ ዛፉም ታሪኩም አብረው ያድጋሉ።

ማጠቃለያ

ዛፍ የጦርነት ዘመን ትዝታን የሚሸከመው ሰዎች በሥሩ ስለኖሩ፣ ስለመከሩና ስለሞቱ ነው። ይህ ትዝታ በዛፉ ውስጥ ሳይሆን ዛፉን አይተው በሚናገሩት ሰዎች ውስጥ ይኖራል። እንግዲህ የዛፉ መውደቅ ብቻውን ታሪክን አያጠፋም፤ ታሪክን የሚያጠፋው ዛፉ ቆሞ ሳለ አለመጠየቅ ነው። ዛፉን ነፋስ ቢጥለው ጥፋቱ የማንም ላይሆን ይችላል፤ ሳይጻፍ ቢወድቅ ግን በአጠገቡ የምንኖረው ሁሉ እንጠየቅበታለን።

መልመጃ

1. ጸሐፊው ዛፍን ከሐውልትና ከድልድይ ጋር ያነጻጸሩት ለምን ዓላማ ነው? በአንድ አንቀጽ መልሱ።

2. «ዛፍ አይዋሽም፤ ሰው ግን ስለ ዛፍ ሊሳሳት ይችላል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።

3. በምንባቡ ውስጥ «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ»፣ «በአንጻሩ» እና «ይኸውም» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ፈልጋችሁ፣ እያንዳንዱ ቃል ወይም ሐረግ በሐሳቦች መካከል ምን ዓይነት ግንኙነት እንደሚያመለክት ግለጹ።

4. በምትኖሩበት አካባቢ ያለ አንድ ያረጀ ዛፍ ምረጡ። ስለ ዛፉ ሁለት ሰዎችን ጠይቃችሁ፣ የታየውን ከተሰማው ለይታችሁ፣ ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።